ዘጠና ሁለተኛዋ ደረጃ

«ልጅቷን ለእኔ ስጠኝ!» አሉ ሽማግሌው... የተሸከሙትን የጋዝ ሲሊንደር ጭቃው ላይ ጥለው።

«ዞር ይበሉ ጋሼ! ይሄ ክንድ ምን ሊሠራ ነው?» አለ የርኮ።

የአምስት ዓመት ልጁን ራየንን ደረቱ ላይ አጣብቆ ደረጃውን በሩጫ ጀመረው።

ከንፈሯ ጠቁሯል። አስሟ ተነስቶባታል... የሚነፋላት መድኃኒት ሁለቴ ተነፍቶላት ምንም አልለወጠም።

ሚስቱ ያስና በባዶ እግሯ ከኋላ ትከተላለች።

ሰኔ ነው። በቺሊዋ የወደብ ከተማ በቫልፓራይሶ ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቧል። የእነ የርኮ ቤት ከገደሉ ሥር ነው። የታችኛው መንገድ በጎርፍ ተዘግቷል። ተዳፋቱ ላይ በገመድ የምትጎተተው አሳንሰር ደግሞ መብራት ጠፍቶ ቆማለች።

አምቡላንሱ «ወደ ላይኛው አስፋልት አውጧት፤ እዚያ እንጠብቃለን» ብሏል።

እስከ አስፋልቱ ሁለት መቶ አስራ አራት ደረጃ ነው...

የርኮ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይሠራል። ወደ ቤቱ የሚገባውም የሚወጣውም በአሳንሰሯ ነው።

ሰውነቱን ላየው ግን... በር ይሞላል።

ይሄን ሰውነት የሰጠው ሽቦ ነው። ጂም ውስጥ በሳምንት ሁለቴ እርጥብ ሰደርያ ያለብሱታል፣ ሽቦ ይሰኩበታል፣ ጡንቻውን በኤሌክትሪክ ያሠሩለታል። ሃያ ደቂቃ... አለቀ።

አሠልጣኟ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራው ነበር።

«የርኮ፣ ይሄ ክንድህን ያወፍርልሃል። ልብህና ሳንባህ ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ሰፈርህ ደረጃ አይደል እንዴ? በነጻ ነው፤ ውጣው።»

«ደረጃማ ለዶን ሴጉንዶ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ዶን ሴጉንዶ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ጋዝ በትከሻቸው ተሸክመው ለሰፈሩ ሲያደርሱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቀጫጫ ናቸው። ሲወጡ ቀስ ይላሉ... ደረጃ መሃል ሲቆሙ ግን ያያቸው የለም።

የርኮ ከአሳንሰሯ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ይለክፋቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ፍሬን ይዘው ነው እንዴ የሚወጡት?»

«ፍሬን የሌለው ነው ልጄ የሚገለበጠው።»

«ከእኔ ጋር ጂም ይምጡና ሽቦ ይሰኩብዎ፤ በሃያ ደቂቃ ጎረምሳ ይሆናሉ!»

«እኔን የሰኩ ቀን የሰፈሩ መብራት ይጠፋል!»

ራየን በሳቅ ትፈርስ ነበር...

ያን የጎርፍ ቀን የርኮ ልጁን እንዳቀፈ ዘጠና ሁለተኛዋ ደረጃ ላይ ደረሰ።

እዚያ ላይ ትንፋሹ አለቀ።

ክንዱ አልደከመም... ክንዱማ ልጅቷን እንደያዘ ነው። ደረቱ ነው እምቢ ያለው። ዓይኑ ጨለመ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ዶን ሴጉንዶ በዚያው በቀስታ እርምጃቸው ደረሱበት።

«ስጠኝ ልጄ። መሃል ላይ ከተቆመ ሸክሙ እጥፍ ነው የሚሆነው።»

«አልኩዎት እኮ... ትንሽ... ትንሽ ልተንፍስ!»

ተነሳ። አስር ደረጃ ወጣ። ተቀመጠ።

እንደገና ተነሳ... እንደገና ተቀመጠ።

ሲር ሲር ይል የነበረው የልጅቷ ትንፋሽ ቆመ።

«የርኮ! ልጄ አልቃለች እኮ!» ብላ ጮኸች ያስና። ከእጁ መንጭቃ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

ዶን ሴጉንዶ አልሮጡም። አንገታቸውን ደፍተው በእርምጃ እየቆጠሩ ይተነፍሳሉ... አንድም ቦታ ሳይቆሙ አስፋልቱ ላይ ወጡ።

የርኮ የደረጃውን ዳር አጥር ተደግፎ ሲደርስ አምቡላንሱ ውስጥ ሐኪሞቹ ልጅቷ ላይ ተረባርበዋል። አንዷ ነርስ ግን ሽማግሌውን መሬት ላይ ተዘርረው ስታይ ደንግጣ ደረታቸውን ታዳምጣለች።

«አባባ... በግራ በኩል ምንም አይሰማኝም!»

«አይሰማሽም... የለማ።»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ሳንባው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ ቲቢ በልቶት ቆርጠው አወጡት። እኔን ተይኝና ልጅቷን እዪ!»

የርኮ ሰማ።

እሱ የሚስቅበት ያ ቀስታ... የሠላሳ ዓመቱ ጋዝ ሁሉ... በአንድ ሳንባ ነው የወጣው።

ማታ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰባት ስምንት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም።

መጨረስ አላስፈለገውም። የርኮ ደቂቃዎቹ የት እንደቀሩ ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን መብራት መጣ። አሳንሰሯም ሠራች።

ራየን ከቤት ወደ መቃብር ስትሸኝ «በአሳንሰሯ እናውጣት» አለ አንድ ለቀስተኛ።

«በደረጃው ነው የምትወጣው» አለ የርኮ።

ነጯን ትንሽ ሣጥን ብቻውን ታቀፈ። ቀላል ናት... ምንም አትከብድም።

ዘጠና ሁለተኛዋ ደረጃ ላይ ግን ያው ደረቱ እምቢ አለው።

ዶን ሴጉንዶ ከኋላው ናቸው። በዚህ ቀን ስጠኝ አላሉትም። አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ጠበቁት።

የርኮ ዞረ።

«ጋሼ... እባክዎ ያዙልኝ።»

ሽማግሌው ሣጥኗን ተቀበሉትና ወጡ።

ያስና ባጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

«ይህቺን ቃል ያን ቀን አውጥተሃት ቢሆን ኖሮ...» አለችና አለፈችው።

ወገኖቼ... ጡንቻን ሽቦ ሊያሠራው ይችላል። ልብንና ሳንባን ግን በሽቦ ብቻ አታገኟቸውም፤ በእግራችሁ ነው የምትከፍሉላቸው።

የርኮ የተሸነፈው ግን በትንፋሽ ብቻ አይደለም። ከእሱ የሚሻል ሰው አጠገቡ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሲለምነው... «ያዙልኝ» ማለት አቃተው።

ትንፋሽ ያጣ ሰው ነገ ሊለማመድ ይችላል። ያን ቀን ያልወጣች ቃል ግን ተመልሳ ብትወጣ ለማን ትጠቅማለች?

እስቲ እናንተ ፍረዱ...

በያስና ቦታ ብትሆኑ የርኮን ይቅር ትሉት ነበር?