የምራቲቱ ጋን

ከራጉኤል በታች ባለው መንደር ጠላ ቤት ከተባለ የእትዬ ሸዋርካብሽ ብቻ ነው፤ ሌላ የለም። የመርካቶ ተሸካሚዎች ሲደክማቸው እዚያ ጎራ ይላሉ። ጣሳውን ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡታል። እትዬ ይህን ሲያዩ ሆዳቸው ቅቤ ይጠጣል።

በሚሌኒየሙ ዓመት አንድ ልጃቸው ደምመላሽ አገባ። ሚስቱ ፋንታነሽ ጠላ ልጥመቅ አለች። ደምመላሽም ነገሩን በደንበኞቹ ፊት ቆረጠው፤ እሑድ የፋንታነሽ ጠላ ይቀመሳል፣ ከተወደደ ቤቱን እሷ ትይዛለች፣ እናቱ ቁጭ ብለው ይጦራሉ። መጦር! እትዬን ቃሉ ራሱ አንገሸገሻቸው።

አጠማመቋን ሲያዩማ ባሰባቸው። መጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ በፈላ ውሃ ለቀለቀችው። የእሳቸው ጋን ወዙ እንዳይሄድ ተብሎ ውሃ ካየ ዘመን የለውም። ቀጥላ፣ አጥቁራ ቆልታ ሸርከት አድርጋ ያስፈጨችውን ገብስ በሻሽ ቋጠረችና ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው። ውሃው ከመፍላቱ በፊት ቋጠሮውን አወጣች። ከዚያ ውሃውን በሙሉ ከጌሾ ጋር አንተከተከችው፤ ሲቀዘቅዝ ጋን ውስጥ ገልብጣ ጥንስሷን ጨመረች። ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራ አጎቷ ነው አሉ የተማረችው።

እትዬ ሻሹን ሲያዩ የቁስል መጠቅለያ መሰላቸው። ሁለት ቀን እህል አልበላ አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ፋንታነሽ አብነት ሰፈር ደርሳ ልትመጣ ስትወጣ፣ እትዬ ጓዳ ገቡ። የጣሳ እጣቢ የተጠራቀመበት ባልዲ ጥግ ላይ ሦስት ቀን ከርሟል፤ ላዩ ዝልግልግ ብሏል፣ ዝንብም ሰጥሞበታል። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ግማሹን ምራታቸው ጋን ውስጥ ገለበጡት። አሁን ማን እንደሚጦር እናያለን አሉ በሆዳቸው።

እሑድ ቤቱ ጢም አለ። እትዬ ደግ አማት ሆነው ከጓዳ ራሳቸው ቀድተው አመጡ። የመጀመሪያው ጣሳ ለተሸካሚዎቹ አለቃ ለሙሉብርሃን ተሰጠ፤ እሱ ያለውን ሁሉም ይቀበላል። ሙሉብርሃን አንዴ ተጎነጨና ፊቱ ጭምድድ አለ። እንደ ምንም ውጦ ጣሳውን መሬት አስቀመጠው። የፋንታነሽ ዓይን እንባ ሞላ።

እትዬ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው፣ "ምነው ሙሉብርሃን? ሳትደብቅ ተናገር" አሉት።

ሙሉብርሃን አፉን በእጅጌው ጠረገ። "እትዬ፣ ዛሬ የልጅቷን እንቅመስ ተባለ እንጂ፣ የእርስዎንማ ሃያ ዓመት ጠጣነው አይደል?"