የአደባባዩ ማንቆርቆሪያ

በሰፈራችን የውኃን መምጣት ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ የኔ ነው። ይህን የምለው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎረቤታችን ኡሙ ኒዳል ማክሰኞ ማክሰኞ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ተሃኒ፣ ጆሮሽ ምን አለ?» ትለኛለች። ውኃ የሚመጣልን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ያጓራል። እኔ ግን ገና አፍንጫውን ሲበላው አውቃለሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቀትር አልፏል፤ ቧንቧው ግን ጭጭ ብሏል። ጣሪያው ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን ለጥፌበታለሁ። ጠብታም እንዳታመልጠኝ ብዬ እስከ ጥጉ ከፍቼዋለሁ። አጠገቤ ቀዩ የሳሎን ምንጣፋችን በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ነጭ በግ መስሎ ተኝቷል። እማ ውኃው መምጣቱ አይቀርም ብላ በታንከሩ የቀረችውን ሁሉ ለማሸት ጨርሳታለች። ነገ ከሰዓት በኋላ እህቴን ሉጀይንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

«እንዲህ እንዳለ ከደረቀ ካርቶን ነው የሚሆነው» ትላለች ሉጀይን፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ሽማግሌዎቹን ካርቶን ላይ ላስቀምጣቸው?»

«ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

ከጣሪያችን ላይ አደባባዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስት ፎቅ የሚያህል የሻይ ማንቆርቆሪያ በሲሚንቶ ገትረው ወርቃማ ቀለም ቀብተውታል። ከአፉ ሌት ተቀን ውኃ ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ብርጭቆ የኛን ሳሎን ያክላል። እሱን ለማቆም መንገዳችን ሁለት ዓመት ተቆፍሮ ከረመ። ከንቲባው ሪባኑን ሲቆርጥ «የከተማችን ጌጥ» አለ። አባቴ ደግሞ፣ «በዚያ ሁሉ ዲናር የሰፈሩን ቧንቧ በሙሉ ቀይሮ፣ በትራፊው እውነተኛ ሻይ ባጠጣን ነበር» ይላል።

እማም ወደዚያው እያየች ነው። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ትሸጉጣለች።

«ሉጀይን፣ በዚያ በኩል ያዢ። ተሃኒ፣ አንቺ መሃሉን።»

«ወዴት ነው?»

«ሻይ ልንጠጣ!»

ምንጣፉን ጠቅልለን ተሸክመን ወረድን። አያቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በር ላይ ካለችው ወንበሯ አልተነሳችም።

«ቧንቧውስ?» ትላለች።

«አትስጊ አያቴ፣ አደባባዩ ላይም ሆኜ እሰማዋለሁ!»

አረፋው ከላያችን እየተንጠባጠበ ቁልቁለቱን ስንወርድ ኡሙ ኒዳል በመስኮት አየችን።  ጭንቅላቷን አስገብታ ብርድ ልብሷን ይዛ ወጣች። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ሰባት ሴቶች ሆነናል፤ አንዷማ የአማቷን ፍራሽ ሳይቀር አምጥታለች።

ምንጣፉን ማንቆርቆሪያው አፍ ሥር ስንዘረጋው ውኃው እንደ ከበሮ ደበደበው። አረፋው ተንሳፍፎ ሄደ፤ ቀዩ ቀለም ብቅ አለ። ጥፍሬ ይሰበራል ብላ ጠዋቱን ሙሉ ሳህን ያላጠበችው ሉጀይን ከነልብሷ ብርጭቆው ውስጥ ዘላ ገባች። ባለታክሲዎቹ የሠርግ አጀብ ይመስል ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ኡሙ ኒዳል እልልታዋን ለቀቀችው።

ፊሽካ ተነፋ። ፂሙ በቅጡ ያልበቀለ ፖሊስ እየሮጠ ይመጣል።

«አክስቴ፣ ክልክል ነው! ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«ምንጣፉ ደግሞ የኔ ንብረት ነው» ትላለች እማ፣ ማሸቷን ሳታቆም። «ሁለቱ መቼ ተጣሉ?»

«አለቃዬ ቢያየኝስ?»

«ልጄን ነገ ሊጠይቁ ይመጣሉ፣ ልጄ። የቤቴ ቧንቧ ደርቋል። እናትህ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ፖሊሱ ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እናቴማ ሁለት ምንጣፍ ይዛ ትመጣ ነበር» አለና ጀርባውን ሰጥቶን መኪኖቹን በዳር በዳር ማሳለፍ ጀመረ።

ያኔ ነው ደሜ የሞቀው። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ወጣሁ።

«እናንተ ሰዎች! እኛ ፊታችንን የታጠብንበትን ውኃ ለአበባ እናጠጣለን! ሩዝ ያጠብንበትን አንደፋም! እነሱ ግን ቀን ከሌት መሬት ያጠጡታል! ወላሂ፣ እኔ ከንቲባ ብሆን አንዲት ጠብታ በከንቱ አትፈስም!»

«ተሃኒ ከንቲባ!» አለ አንዱ ባለታክሲ። ጭብጨባው ደራ። ሉጀይን ሳትቀር አጨበጨበችልኝ። ላጨበጨቡልኝ ሁሉ እጅ እየነሳሁ ዞር ስል አያቴን አየኋት።

ጉልበቷን የሚያማት አያቴ ቁልቁለቱን እየወረደች ነው። ባዶ እግሯን ነው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ከኋላዋ መንገዳችን ላይ ቀጭን ወንዝ እየተከተላት ይወርዳል። ወንዙ ላይ የኔ ሰማያዊ ሸበጥ እየተንሳፈፈ ይመጣል።

ጭብጨባው ቆመ። 

«ውኃ መጣ እንዴ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«መጣ እንጂ። ከፍተሽ ከሄድሽው ቧንቧ ወጣ፣ ከጣሪያው በደረጃ ወረደ፣ ሳሎን ገብቶ አየና በበሩ ሄደ። ወጥቼ እስክዘጋው ነፍሴ ወጥታለች።»

እማ ንጹሑን ምንጣፍ ታቅፋ ቆማ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው። ፖሊሱም መኪኖቹን ረስቶ ወደኛ ዞሯል። እኔ አሁንም ጠርዙ ላይ ነኝ።

«ቢሆንም አያቴ» አልኩ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ «እኔ አንድ ቀን ብረሳ ነው፤ ከንቲባው ግን...»

«ከንቲባውን ተይው» አለች አያቴ፣ ሸበጤን ከወንዙ እያነሳች። «እሱ እንኳ ከሥሩ ብርጭቆ አድርጎበታል።»