ባዶ መኪና

መለዋወጫ ሻጩ ጋሼ ዳምጤ ሁለቱን የመኪና ሾክ አብዞርበር የሱቃቸው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያጋድሟቸዋል። አንዱ ጥቁርና ወፍራም ነው። ሌላው ቀጠን ያለ፣ ግርጌው ላይ የሚዞር ቁልፍ ያለው።

«በይ ተጫኚው» ይሏታል፣ ጥቁሩን አቁመው።

ዘህራ በሁለት እጇ ትጫነዋለች። ንቅንቅ አይልም።

«አየሽ? አስራ አምስት ኩንታል ቡና ጫኚበት፣ ወገቤን አይልም።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው እንዳዘዝሽው የሚሆን ነው። ወዲህ ስታዞሪው ይጠነክራል፣ ወዲያ ስታዞሪው ይለሰልሳል። ግን ጫና ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል። ለሽርሽር ነው። አንቺ ደሞ ሽርሽር የት ታውቂያለሽ?»

ዘህራ አትስቅም። ሾፌሯ ደበሳ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እሱም አይስቅም።

ፒካፑ የሷ ነው። ከኖፓ ወደ መቱ ቡና ያመላልሳል። ድሮ ሰውም ይጭን ነበር፣ የታመመ፣ ምጥ የያዛት። ታናሽ እህቷ ኢህሳን ከነምጧ ኋላው ላይ ከሞተች ወዲህ ግን፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ዘህራ ሰው አትጭንም። ትናንት ጎረቤቷ አራርሳ መጥቶ ነበር። ሚስቱ ገሊላ ወሯ ገብቷል። «ቀኗ ሲደርስ ታደርሺናለሽ አይደል?» አላት። በነሱ ሰፈር ሌላ መኪና የለም። «እኔ የምጭነው ቡና ነው» አለችው። አራርሳ ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀና ሄደ።

መኪናው ግን እሷን አይተዋትም። ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላው ጓ ይላል። የሆነ ነገር ተነስቶ እንደሚወድቅ። ትወጣለች። ታያለች። ምንም የለም። ዛሬ ጠዋትም ጓ ብሏል።

«ጥቁሩን» ትላለች። «አራቱንም።»

«ደግ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ይሄን ገጥመሽ መኪናው ባዶ ሆኖ ሰው እንዳትጭኚ። ጠንካራ ነገር ሸክም ይፈልጋል። ሸክም ካጣ ሰውን ያነጥራል፣ አጥንት ይለቅማል። የድሮውም እንደዛው ነው፣ ያንቺ መኪና ለጭነት የተሠራ ነው። በሽተኛ ከመጣ ሰባት ስምንት ኩንታል ከስር፣ ፍራሹ ከላይ። ቀስ ይላል እንጂ እንደ አልጋ ነው። ይሄን ሾፌር ሁሉ ያውቃል።»

የዘህራ እጅ ጥቁሩ ብረት ላይ ይቀራል።

ያን ቀን አስራ ሁለት ኩንታል ተጭኖ ነበር። ኢህሳንን በቃሬዛ ሲያመጧት ዘህራ ራሷ መኪናው ላይ ወጣች፣ ራሷ ጆንያውን እየገፋች ጭቃ ላይ ጣለችው። «ይቅለል! ይፍጠን!» እያለች። ቀለለም፣ ፈጠነም። በየጉድጓዱ ኢህሳን ከብረቱ እየተነሳች ብረቱ ላይ ወደቀች። መጀመሪያ ትጮህ ነበር። ኋላ እየወደቀች ዝም አለች። ደሙ ከስሱ ፍራሽ አልፎ በበሩ ስንጥቅ ይንጠባጠብ ነበር።

ዘህራ ዞራ ደበሳን ታየዋለች።

«ታውቅ ነበር?»

ደበሳ መሬት መሬት ያያል።

«ደበሳ፣ አንተን ነው።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ እትዬ። ጆንያው ይሁን ብዬ። አልሰሙኝም፣ ይጮሁ ነበር።»

«እሺ ከዛስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ያንተ አነዳድ ነው የገደላት› ስልህ? ሰው ፊት ስልህ?»

«ምን ልበል?» ይላል። «ራስዎን ከሚበሉ እኔን ይብሉኝ ብዬ ነው።»

ጋሼ ዳምጤ ጨርቅ አንስተው ንጹሁን ብረት ይወለውላሉ። «ዋቃዮ! ምን ተናገርኩ እኔ?»

ዘህራ ቀጭኑን ታነሳለች። ቀላል ነው።

«ይሄ የተገጠመበት መኪና አለዎት ጋሼ?»

«የኔው። ያው ውጪ የቆመው ፒካፕ።»

«ጭኗል?»

«ምን ይጭናል? አንድ ክሪክ ብቻ።»

«እሱንም ያውርዱት። አለስልሱትና የመኪናውን ቁልፍ ለደበሳ ይስጡት።»

ጋሼ ዳምጤ ጎንበስ ብለው የአራቱንም ሾክ አብዞርበር ቁልፍ ያዞራሉ። ደበሳ የጋቢናውን በር ይከፍትላታል። አልፋው ትሄዳለች። ከኋላ መጫኛው ላይ ትወጣና ብረቱ ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች።

«ኧረ ዘህራ! ባደባባይ? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። ንዳ ደበሳ።»

ኮብልስቶኑ ያልቅና ኮረኮንቹ ይጀምራል። ዘህራ ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ይመጣል። መኪናው ዝቅ ይላል፣ ደሞ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። እንደሚተነፍስ ሰው ደረት። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ጭንቅላቷ ብረቱን አይለቅም። በላይዋ የመብራት ሽቦና የባሕር ዛፍ ጫፍ እየተራመዱ ያልፋሉ።

«እትዬ!» ይጮሃል ደበሳ በመስኮቱ። «እንዴት ነው?»

ጥሩ ነው ለማለት አፏን ትከፍታለች። ጥሩ ነው ካለች፣ ያኔም ጥሩ መሆን ይችል ነበር ማለት ነው። አፏን ትዘጋለች።

«እትዬ ዘህራ? ላቁም?»

«አታቁም። ስንመለስ ለአራርሳ ደውልለት። ገሊላን እንወስዳታለን በለው።»

«ቶሌ፣ እሺ» ይላል ደበሳ።

ትልቁ ጉድጓድ ከፊት አለ። ደበሳ ፍሬን እየነካካ፣ በአንድ በኩል ጎማ በዝግታ ይገባበታል። የዘህራ ቀኝ እጅ ከጎኗ ወዳለው ባዶ ብረት ይዘረጋና ያርፍበታል፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚደረገው፣ ጫን ሳያደርግ።