ሠላሳ ቀን

ፕሮፌሰሩ የጥንት እንግሊዞች ስላሳተሟቸው የሒሳብ መጻሕፍት ሲያወሩ ከንፈራቸው በንቀት ይጣመማል። ዛሬም አዳራሹን የሞሉት አስተማሪዎች ናቸው።

«ሌቦች!» አሉ። «አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል። ይኸውላችሁ፤ አንዲት ድመት ሠላሳ ክንድ ዛፍ ላይ ቀን ሦስት ክንድ ትወጣለች፤ ሌሊት ሁለት ክንድ ትንሸራተታለች። በስንት ቀን ጫፍ ትደርሳለች? የመጀመሪያው ደደብ ‹በሠላሳ› ብሎ አሳተመ። ተከታዮቹ ድመቷን ቀንድ አውጣ፣ ዛፉን ግንብ እያደረጉ ስህተቱን እንዳለ ገለበጡት። መቶ ዓመት ሙሉ አንድ እንኳ ቁጭ ብሎ ያሰላ ጠፋ!»

አዳራሹ አውካካ። ፕሮፌሰሩ ሳቁ እስኪበርድ ውሃ ተጎነጩ። ሌባ ማዋረድ እንዴት ደስ ይላል!

ከኋላ አንዲት ጠና ያሉ መምህርት እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ትክክለኛው መልስ ታዲያ ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት ነዋ! በሃያ ስምንተኛው ቀን ጧት ሃያ ሰባት ክንድ ላይ ናት። ሦስት ስትጨምር ጫፍ ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያንሸራትታታል? ይህን የማያውቅ አስተማሪ ጠመኔ ባይነካ ይሻላል።»

«ልጆቹም ሃያ ስምንት ይሉኝ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «መጽሐፉ ሠላሳ ስለሚል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኤክስ አደረግሁባቸው።»

ከቦርሳቸው የተጎሳቆለ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አውጥተው ጥያቄውን አነበቡ። ድመቷ ጦጣ፣ ዛፉም ባሕር ዛፍ ሆኗል። አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው ጀርባውን ወደ መድረኩ አዞሩት።

ሽፋኑ ላይ ፕሮፌሰሩ ከረባታቸውን አስረው ፈገግ ብለዋል።