ምሳ በልተሻል?

ሁለተኛውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዬ እንዳስጠጋሁ በሩ ይከፈትና ጋሽ ሙሉነህ ይገባሉ። ከኋላቸው እትዬ ጸሐይወርቅ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የጸሎት ቡድናችን መሪ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግድግዳው በሙሉ ጠርሙስ የሆነ የስፔን ምግብ ቤት ውስጥ!

አለቀልኝ፣ እላለሁ በልቤ። ለጉባኤው የነገርኩት እዚህ ዴን ሃግ ከተማ ምግብ ቤት እንደምሠራ ነው። ውሸት አይደለም። የወይን ጠጅ ቅምሻ እንደምማር ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ቀምሼ የምተፋበት ባልዲ ክርኔ ሥር አለ፤ አንድ ጠብታ አልውጥም። ይሄን ለሽማግሌ ማን ያስረዳል?

"እንግዶችሽ ናቸው?" ትላለች አለቃዬ ማርሌን በሆላንድኛ። "ይቀመጡ፣ እኛ እንጨርስ።"

ፊቴ አምስት ብርጭቆ ነጭ ወይን ተደርድሯል። ጠርሙሶቹ በፎይል ተጠቅልለዋል። እያንዳንዱ ከየትኛው የወይን ዝርያ እንደተጠመቀ ቀምሼ ከለየሁ ቋሚ ኮንትራት አገኛለሁ፤ ካልለየሁ ወደ ሰሃን አጠባዬ እመለሳለሁ። ለዚህ ቀን ስንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ደርሶ ሳየው ግን ምንም አይሰማኝም።

ምንም ካልተሰማኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቦንጋ ደውዬ አባዬን አገናኘኝ ባልኩ ቁጥር ወንድሜ መሳይ "ተኝቷል" ማለት ከጀመረ ወዲህ ነው። ጠዋትም ተኝቷል፣ ማታም ተኝቷል። አባዬ ማር ነጋዴ ነው። ማሩን አሽትቶ ንቡ የቀሰመው የግራዋ አበባ ይሁን የጌተም ይናገራል። አፍንጫዬ የእሱ ነው፤ ለምን እንደማውለው ግን አልነገርኩትም።

የመጀመሪያውን ቬርዴሆ ብዬ አግኝቻለሁ። "ይሄ አልባሪኞ ነው" እላለሁ ሁለተኛውን። "ከጋሊሲያ፣ ከባሕሩ ዳር። ኮክና ሎሚ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጨው ጨው ይላል።" እተፋና ቁጣውን እየጠበቅሁ አቀረቅራለሁ።

ጋሽ ሙሉነህ አይቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። እኚህ ሰው ባለፈው የገና በዓል አንዱ አልኮል ያለበት ቸኮሌት ቢያመጣ ግማሽ ሰዓት የሰበኩ ናቸው።

"በርቺ" ይሉኛል። ቀጥለውም፣ "ስልክሽ የት ነው፣ ቢታንያ?"

"ሎከር ውስጥ ነው ጋሼ። በሥራ ሰዓት አንይዝም።"

"ጎሽ። እዚያው ይቆይ።"

ሦስተኛው ጎዴዮ ነው። ወፈር ይላል፣ የበሰለ ፖም አለው። ማርሌን ወረቀቷ ላይ ምልክት ታደርጋለች። እትዬ ጸሐይወርቅ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። እሳቸው በየቤቱ እየዞሩ አዛውንት የሚያጥቡና የሚያለብሱ ናቸው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረባቸው።

"የቱይስዞርግ አለቃዬን አስፈቅጄ ነው የመጣሁት" ይላሉ፣ ሳልጠይቃቸው። "ምሳ በልተሻል?"

እጄ አራተኛው ብርጭቆ ላይ ይቀራል።

የአገሬ ሰው መርዶ ሊያረዳ ሲመጣ አስቀድሞ ሆድ ባዶ አለመሆኑን ያያል። የእናቴን ያረዱኝ እንቁላል ጠብሰው ካበሉኝ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ እንቁላል አልበላም።

"አልበላሁም" እላለሁ። እውነቴን ነው፤ ደግሞም ካልበላሁ አይነግሩኝም። "ይሄን ስጨርስ እበላለሁ።"

"እንጠብቅሻለን" ይላሉ ጋሽ ሙሉነህ።

እንግዲያው አልቸኩልም። አራተኛው ፓሎሚኖ ነው፤ ሊጥ ሊጥ ይሸታል። ማንም ሳይጠይቀኝ ስለሚበቅልበት የሄሬዝ ነጭ አፈር አወራለሁ፣ በርሜሉ ውስጥ ወይኑን ስለሚሸፍነው እርሾ አወራለሁ፣ ስለ ነፋሱ ሁሉ አወራለሁ። ማርሌን ደስ ብሏታል። እንዲህ ስለፈልፍ ሰምታኝ አታውቅም።

አምስተኛውን አንድ ጊዜ አሽትቼ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አልናገርም። ከተናገርኩ ያልቃል።

"እ?" ትላለች ማርሌን።

"እንጃ።"

"አንድ ደቂቃ አለሽ። አምስቱንም ነው የምፈልገው።"

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። ጋሽ ሙሉነህ ቋንቋውን ባይጨርሱትም ነገሩ ገብቷቸዋል። ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ።

"በማሽተት ነው የምትለዩት?"

"አዎ ጋሼ።"

አርባ ዓመት መጠጥ ቤት ረግጠው የማያውቁት ሰው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ። ሊረዱኝ ነው።

"ማር" ይላሉ። "ማር ማር ይላል።"

ያሉትን ራሳቸው ሰምተው ይደነግጣሉ። እኔን ማየት ያቅታቸዋል።

"ቪዩራ" እላለሁ ለማርሌን። "ከሪዮሃ። በርሜል ውስጥ የቆየ።"

ፎይሉን ትገፍፈዋለች፣ ታጨበጭባለች። ኮንትራቱ ያንቺ ነው ትላለች። እንግዶቼ አያጨበጭቡም።

"መቼ ነው ጋሼ?"

"ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ልጄ። ሰው ፌስቡክ ላይ ሳይለጥፈው ድረሱላት ብሎ መሳይ ደወለልን።"

ቅዳሜ ማታ ደውዬ ነበር። ተኝቷል አለኝ።

ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እንባው አይመጣም። ማርሌን እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፤ እጨብጣታለሁ፣ አመሰግናለሁም እላለሁ። እትዬ ጸሐይወርቅ ከኋላዬ መጥተው የሽርጤን ቋጠሮ ይፈታሉ። ሰው ማልበስና ማውለቅ የለመዱ ጣቶች ናቸው፣ ቶሎ ይፈቱታል። ጋሽ ሙሉነህ የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆመዋል።