የማያጨስ ሰው መተርኮሻ

«ማማ፣ ሶንጋ ካንዶ!»

የማታቱው... የሚኒባስ ታክሲው ረዳት ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ ወደ ዳር ውጪ እያለ ይጮህባታል።

ታየች ወዴት ትውጣ... መኪናዋ ዌስትላንድስ አደባባይ መሃል ቀጥ ብላለች።

ከኋላ ወንበር ላይ ሁርሊንግሃም ላለ አንድ ቢሮ የምታደርሰው የጾም ምሳ ተደርድሯል። ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2004 ነው። ታየችና ባለቤቷ ዘገዬ ናይሮቢ ውስጥ፣ ከዚሁ አደባባይ ብዙም ሳይርቁ ይኖራሉ። ያለቻቸው ይቺው አሮጌ ስቴሽን ዋገን ናት።

ደወለችለት። ዘገዬ በታክሲ መጣ፣ ገባ፣ ጎንበስ ቀና አለ... ሞተሩ ተነሳ።

«ምን ነክተህ ነው?»

«ምንም። አሮጌ ስለሆነች የኤሌክትሪክ ችግር አለባት። ደግሞ አንቺ ክላቹን ቶሎ ትለቂያለሽ።»

ልብ በሉ... ይቺ ሴት አዲስ አበባ እያለች ለዓመታት የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ስትነዳ የኖረች ናት።

ነገሩ ተደጋገመ። አንዳንድ ቀን በሰላም ትሄድላታለች... አንዳንድ ቀን ትንሽ ተጉዛ ድርግም። ባትሪ አስቀየረች። ዘገዬም «ገመዱን አስፈትሻለሁ» አላት። ለውጥ የለም።

እሱ ሲይዛት ግን አንድም ቀን ቆማ አታውቅም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጓደኞቹ መሃል ቆሞ «የኛ መኪና ወንድና ሴት ትለያለች» ይላል። ይስቃሉ። ታናሽ ወንድሙ ታዲዮስም ይስቃል።

ታየችም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ...

አንድ ዓርብ ምሳው እንደገና ዘግይቶ ደረሰ። የቢሮው ኃላፊ ወደ ጎን ጠራቻት።

«ታየች፣ ምግብሽን እንወደዋለን። ግን ሠራተኛው ጾሙን ሊውል አይችልም። አንዴ ከተደገመ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

ከባዶ ተነስታ፣ ደጅ ጠንታ ያገኘችው ሥራ ነው። ቤት ገብታ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በቃኝ ዘገዬ። እጄ ለመኪና አይሆንም መሰለኝ።»

«ነግሬሽ ነበር» አላት።

በማግስቱ ገበያ ይዟት ሄደ። ታየች ጎኑ ተቀምጣለች። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት እጁ ወደ ሲጋራ መተርኮሻው ሄደ... ከፈት አደረገ፣ ጣቱን ሰደድ አድርጎ መለሰው።

ዘገዬ ሲጋራ አያጨስም።

ሽንኩርት ሊገዛ ሲወርድ እሷም ጣቷን ሰደደች። ከመተርኮሻው በስተኋላ አተር የምታክል ማብሪያ ማጥፊያ አለች።

ቤት ሲደርሱ ታዲዮስ ጋ ደወለች።

«ታዲ፣ መኪናው መተርኮሻ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ካት አውት ነው» አላት።

ናይሮቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ያኔ መኪና በሽጉጥ መንጠቅ በዝቶ ስለነበር ብዙ ሰው ድብቅ ማጥፊያ ያስገጥም ነበር። ሌባው አስነስቶ ትንሽ እንደሄደ ነዳጁ ይቋረጥበትና ይቆማል። ዘገዬም መኪናዋን ቤት ባቆመ ቁጥር ማጥፊያዋን ይዘጋታል። ለታየች በሰላም የምትሄድላት እሱ መዝጋቱን የረሳ ቀን ብቻ ነበር።

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሽጉጥ ቢደቅኑባት ትናገራለች ብሎ ነው... ሴት ምስጢር አትይዝም ብሎ።»

«ለእናንተስ?»

«እኛማ... ሁላችንም እናውቃለን።»

ሁላችንም!

እሁድ እሁድ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁባት የነበሩት ሁሉ ያውቃሉ። ዘገዬ ደግሞ ለሌባ የተጠመደ ወጥመድ ውስጥ ሚስቱ ስትገባ እያየ፣ በታክሲ መጥቶ «ክላች» ይላል። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ይፈላል።

ታየች ግን አልጮኸችም። «እስቲ ማክሰኞ አንዴ ልሞክራት» አለችው ዘገዬን።

ማክሰኞ ምሳው በትኩሱ ደረሰ። ዓርብም ደረሰ።

«አየሽ፣ አሠለጠንኩሽ» አላት ዘገዬ።

ቅዳሜ መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወስዳ ከፉንዲው... ከመካኒኩ ጋር ትንሽ አወራች።

እሁድ ሩንዳ የሚባል ሰፈር የክርስትና ግብዣ ነበር። ዘገዬ ሱፉን ግጥም አድርጎ ይነዳል። ታዲዮስና ከሳቂዎቹ ጓደኞቹ አንዱ ተሳፍረዋል። ታየች ከኋላ ናት።

ያው አደባባይ ላይ... ድርግም።

የዘገዬ እጅ ወደ መተርኮሻው ሄደ። ከፈተ፣ ዘጋ። ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ እህህ ብሎ ተወው። እንደገና ከፈተ፣ ዘጋ። ግንባሩን አላበው። ከኋላ ማታቱ ጥሩምባውን ያምባርቅበታል። ታዲዮስና ጓደኛው ተያዩ።

«ክላቹን ቶሎ ለቀህ ይሆናል» አለች ታየች ከኋላ።

የሳቀ የለም።

«ውረድ፣ እኔ ልያዛት።»

ወረደ። እሷ ገባች። እጇ የት እንደሄደ ማንም አላየም... ሞተሩ ተነሳ። እስከ ሩንዳ ነዳች።

ሌሎቹ ሲወርዱ ዘገዬ ወደኋላ ቀረ።

«የት አደረግሽው?»

ታየች ቁልፉን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አልነግርህም። ሽጉጥ ቢደቅኑብህ ትናገራለህ።»

ወገኖቼ... ምስጢር መያዝ ነውር አይደለም። ራስህ የዘጋኸውን መንገድ ሰው ሲያቅተው አይተህ «አንቺ አትችዪም» ብለህ ማሳመን ግን በደል ነው። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ መኪናዋ መቆሟ አይደለም... ያቺ ጎበዝ ሴት «እጄ አይሆንም» እስክትል ድረስ ቆመው ማየታቸው ነው። ስንቶቻችን «አልችልም» ብለን የተውነውን ነገር አጠገባችን ያለ ሰው ዘግቶብን ይሆን?

እናንተ በታየች ቦታ ብትሆኑ ማጥፊያው የት እንዳለ ለዘገዬ ትነግሩት ነበር... ወይስ ትንሽ ይቆይ ትላላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።