የተጣለችው ትዝታ

አባቷ ሻይ የሚጠጡት በስኳር ነበር ወይስ ያለ ስኳር? ትርሲት ድሮ ታውቀው ነበር፤ ዛሬ ግን እንጃ።

አሁን ሰው ሲሞት ድምፁ ከቤት አይወጣም። ቤተሰቡ የሚያስታውሰውን ለማሽን ይነግራል፣ ማሽኑም አማካዩን ወስዶ ሟቹን ሆኖ ያወራል። ከሌሎቹ የራቀ ትዝታ እንደ ስህተት ይጣላል፤ ስለተጣለው ነገር ሲጠየቅም ድምፁ ዝም ይላል። ዘዴው ለትርሲት አዲስ አይደለም። የጥንት የሥነ ፈለክ ሰዎች ስለ አንድ ኮከብ ቦታ ሳይስማሙ ሲቀሩ ልኬታቸውን ደምረው ያካፍሉ፣ አለቅጥ የራቀውን ይተዉ እንደነበር ውጭ አገር ተምራለች። ያኔ ፍርዱ ትክክል መስሏት ነበር።

"አባባ፣ ሻይዎት እንዴት ይሁን?" አለ ታላቅ ወንድሟ ምንተስኖት፣ እንደ ልማዱ ሊጫወት።

"ያለ ስኳር ልጄ" አለ ድምፁ ከግድግዳው።

"ስኳር ይወዱ ነበር እኮ!" አለች ትርሲት። "የስኳር በሽታ ስለነበረባቸው ከእማማ ተደብቀው ነበር የሚጠጡት። በረንዳ ላይ ኮከብ ሲያሳዩኝ እኔ ነበርኩ ሰርቄ የማመጣላቸው።"

"አንቺ ደግሞ! ስንት ዘመን ፈረንጅ አገር ከርመሽ የገዛ አባታችንን ልታስተዋውቂን ነው?" ሳቀባት። "ሁላችንም ያለ ስኳር አልን፤ ያንቺን ማሽኑ ጣለው።"

ይህ ሁሉ ሰው ይሳሳታል? ወይስ በልጅነቷ ያየችው ሕልም ነው? ከእሷና ከአባቷ በቀር ያየ አልነበረም።

ምንተስኖት ሲወጣ ስልኳን አንስታ ለድምፁ ጻፈች፦ "አባባ፣ በረንዳው ላይ ስኳሩን ማን ነበር የሚሰርቅልዎት?"

ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። መልስ አልመጣም።